ሐኪሙ ለምን ጋዋኑን ሰቀለ?

ከሳምንታዊው የቴሌቪዥን ሐተታ በጽሑፍ የተወሰደ፤ ሲያትል

 

የዛሬውን ሐተታ ከራሴ እግር ልጀምር። ባለፈው ዓመት ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ሲያትል ስመለስ ከሲታክ አየር ማረፊያ የተቀበለኝ ሹፌር ኢትዮጵያዊ ነበር። ሻንጣዬን ሲያነሣልኝ ማነከሴን አየ። "ጋሼ፣ የትኛው እግርዎ ነው?" አለኝ። ግራው ነው፣ ብዙ ሰዓት ተቀምጬ ስለሆነ ይለቀኛል አልኩት። እሱ ግን በዋዛ አላለፈውም። መቼ እንደጀመረኝ፣ ባቴን ሲነኩት ያመኝ እንደሆነ፣ ትንፋሽ ያጥረኝ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ "ዛሬ ቤትዎ አይግቡ፤ ድንገተኛ ክፍል ላድርስዎት። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል" አለኝ። አደረሰኝ። በአልትራሳውንድ ሲታይ እውነትም ባቴ ውስጥ ደም ረግቷል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ቢሄድ ኖሮ ይህን ሐተታ ሌላ ሰው ባቀረበላችሁ ነበር።

ሹፌሩ አገር ቤት ሐኪም ነበር። ስሙንና የሠራበትን ሆስፒታል አልናገርም፤ አደራ ብሎኛል። በኋላ ላመሰግነው ስደውልለት "ዶክተር" ብዬ ጠራሁት። "ተው ጋሼ፣ ያ ድሮ ቀረ" አለኝ። ዛሬ ከእናንተ ጋር የማወራው ስለዚህች "ድሮ ቀረ" ስለምትባል ነገር ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን የከፈለበትን፣ ቤተሰቡ የኮራበትን፣ አገሩ አጥብቃ የምትፈልገውን ሙያ ለምን ይተዋል?

ብዙዎቻችሁ "ደመወዙ ነዋ!" እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። እኔ የማስረዳችሁ ሌላውን ግማሽ ነው። ደመወዝ ሲያንስ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መናገር ነው። መልቀቅ የሚመጣው ንግግሩ ሰሚ ሲያጣ፣ ከዚያም አልፎ መናገሩ ሲያሳስር ነው።

መጀመሪያ ግን ደመወዙን በቁጥር እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የሐኪሙ ደመወዝ ግን በዚያው ልክ አላደገም። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ አደባባይ ሲወጣ የዓለም ዜና ማሰራጫዎች ደጋግመው የጠቀሱት የአንድ ሐኪም የወር ደመወዝ 80 ዶላር ገደማ ነበር። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠራተኞቹ ጭማሪ አድርጓል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ሐኪም በደረጃው ከዚህ ከፍ ቢልም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስኬድ እናንተ በየወሩ ለቤተሰብ የምትልኩ ታውቁታላችሁ።

በዚህ ላይ የዲዩቲውን ነገር ጨምሩበት። ሐኪም ሌሊት አድሮ የሠራበት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለወራት ሳይከፈለው ይቆያል። ኢንተርኑ ሠላሳ ምናምን ሰዓት ሳይተኛ ይሠራል። ጓንት የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ኦክስጅን የለም። የታማሚው ቤተሰብ ደግሞ የሚቆጣው ፊት ለፊቱ በቆመው ሐኪም ላይ ነው እንጂ በጀት በከለከለው ባለሥልጣን ላይ አይደለም። ቢታመም የሚታከምበት የጤና መድን እንኳ የሌለው ሐኪም ስንቱ ነው! ሌላውን ሲያክም ኖሮ ለራሱ ሕክምና በማኅበራዊ ሚዲያ ገንዘብ የተሰበሰበለት ሐኪም ስንቱን አይተናል።

አሁን ወደ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ልውሰዳችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለአሥር ሺህ ሰው በግምት አንድ ሐኪም ነው ያለው። እንዲህ ባለ አገር ሐኪም ሥራ ይፈታል ብትባሉ ታምናላችሁ? ግን ሆኗል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ለረጅም ዘመን የሕክምና ትምህርት የሚሰጡት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም የጤና ጥበቃ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ግን ፖሊሲው ተለወጠ። ሐኪሞች ይወጣሉ፣ እንግዲያውስ ከሚወጡት በላይ እናሠልጥን ተባለ። በ2004 ዓ.ም. ብቻ በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ተከፈተ። በርሜሉ ያፈስሳል፤ ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ ውኃ መጨመር ተመረጠ። ተመራቂው በዛ። ሆስፒታሎች ግን የሚቀጥሩበት በጀት አልነበራቸውም። ሰባት ዓመት ተምሮ የወጣ ሐኪም ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ቅጥር መጠበቅ ጀመረ። በሽተኛ ሞልቶ፣ ሐኪምም ኖሮ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የደመወዝ መደብ የጠፋበት አገር ማለት ይህ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። ያ ቃል ቢጠበቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ሐኪም ደጅ ባልጠና ነበር።

እንግዲህ ሐኪሙ ምን ያድርግ? እኔ የተማርኩት የፖለቲካ ሳይንስ ነውና ከዚያው አንድ ሐሳብ ልዋስ። አልበርት ሂርሽማን የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች በአንድ ተቋም ሲከፉ ያላቸውን ምርጫ ይተነትናል። አንደኛው መናገር ነው፤ ይህ ልክ አይደለም፣ ይስተካከል ማለት። ሁለተኛው መውጣት ነው። ለተቋሙ ያላቸው ታማኝነት ደግሞ ቶሎ እንዳይወጡ፣ ይልቁንም ቆይተው እንዲናገሩ ያደርጋቸዋል። የመናገሪያው በር ሲዘጋ የመውጫው በር ይጨናነቃል። የኢትዮጵያን ሐኪሞች ታሪክ በዚህ መነጽር እዩት።

በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በየከተማው ወጥተው ተናገሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሰብስበው አነጋገሯቸው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ተስፋ አድርገው ነበር። ከአዳራሹ የወጡት ግን የባሰ ቅር ብሏቸው ነው። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የሚበቃ ደመወዝ፣ የዲዩቲ ክፍያ፣ የጤና መድን፣ የሥራ ቦታ ደኅንነት። ጥያቄያቸውን ጽፈው፣ ቀነ ገደብ ሰጥተው ጠበቁ። መልስ ሲያጡ ግንቦት 11 ቀን ከፊል የሥራ ማቆም ተጀመረ። የመጣው መልስ ምን ነበር? ወደ ሥራ ያልተመለሰ በሌላ ይተካል የሚል ማስፈራሪያና እስር። የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሳይቀር ታሠረ። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚለው ተረት መንግሥታዊ መመሪያ ሆነ። የአገራችን ሰው ግን "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ብሎም ተርቷል።

መንግሥት የሚያቀርበውን መከራከሪያ በሐቅ እንየው። "ሐኪም ሥራ ሲያቆም ሰው ይሞታል" ይላል። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም። እኔም እናት አለችኝ፤ እናንተም አላችሁ። ሆስፒታል ደርሳ ሐኪም ብታጣስ? ጥያቄው ግን መብቱ ሲከለከል በምትኩ ምን ይሰጣል የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም፣ ቅሬታ የማሰማትና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል የትኞቹ በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ተወው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሆስፒታልና ክሊኒክን ሥራ ማቆም ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች ይመድባል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ከነጭራሹ ከአዋጁ ውጭ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪም በሁለት አዋጅ መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት አቋም ግልጽ ነው። የሕዝብ ሕይወት በሚያዝበት ሥራ ላይ ሥራ ማቆም ሊከለከል ይችላል። ከተከለከለ ግን ሠራተኛው ገለልተኛና ፈጣን የግልግል ሥርዓት ሊኖረው ይገባል፤ ገላጋዩ የሚወስነውም በሁለቱም ወገን ላይ የሚጸና መሆን አለበት። የእኛ አገር የመጀመሪያውን ግማሽ ወስዶ ሁለተኛውን ረሳው።

"ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው" የሚለኝ ካለ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ልውሰደው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የኬንያ የመንግሥት ሐኪሞች ሥራ አቆሙ። ፍርድ ቤት የማኅበሩን መሪዎች እስከ ማሰር ደረሰ፤ የይግባኝ ሰሚው ችሎት ግን በቀናት ውስጥ ለቀቃቸው። አንድ መቶ ቀን ፈጅቶ በመጋቢት 2017 ስምምነት ተፈረመ። አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ በእነዚያ መቶ ቀናት ሕዝቡ ተጎድቷል፤ ከዚያም ወዲህ ሌላ የሥራ ማቆም ነበር። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ የኬንያ ሐኪም ማኅበር አለው፣ የተፈረመ ወረቀት አለው፣ ነገ የሚከራከርበት ጠረጴዛ አለው። ጠረጴዛ ያለው ሰው ፓስፖርት ለማውጣት አይቸኩልም።

እኔ በምኖርበት በሲያትልም አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በስዊድሽ ሆስፒታሎች ስምንት ሺህ ገደማ ነርሶችና ሌሎች የጤና ሠራተኞች ለሦስት ቀን ሥራ አቆሙ። ከእነሱ መካከል የእኛ ልጆችም ነበሩ። ሕጉ በጤና ተቋም ሥራ የሚያቆም ማኅበር ከ10 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ሆስፒታሉ በነዚያ ቀናት ተተኪ ያዘጋጃል፣ ታማሚ ያዛውራል። ከወራት በኋላ ተስማሙ። በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን በሥልጠና ላይ ያሉ ሬዚደንት ሐኪሞችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በጋራ ስምምነት ይደራደራሉ። ሠልፍ ሲወጡ ፖሊስ መንገድ ይዘጋላቸዋል እንጂ ቤታቸው አይመጣም።

ታዲያ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ሙያውን አይለቅም ማለቴ ነው? አይደለም። እዚህም ይለቃሉ። ኮሮና በከፋበት በ2021 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከአሜሪካ ሐኪሞች 63 በመቶ የሚሆኑት በሥራ መዛል ምልክቶች ይሰቃዩ ነበር። በ2023 ወደ 45 በመቶ ወርዷል፤ ያም ቢሆን ከሁለት ሐኪሞች አንዱ ገደማ ነው። ምክንያቱን ስትመረምሩት ገንዘብ አይደለም። በ2016 የታተመ ጥናት ሐኪሙ ከታማሚ ጋር ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ገደማ በኮምፒውተርና በወረቀት ሥራ እንደሚያሳልፍ አሳይቷል። ዛሬ ከአራት ሐኪሞች ሦስቱ የሆስፒታል ወይም የኩባንያ ተቀጣሪ ናቸው። ለታማሚው የሚበጀውን ያውቃል፤ የሚወስነው ግን የኢንሹራንስ ድርጅትና የሒሳብ ክፍል ነው። እዚህም ነገሩ ያው ነው፤ ሐኪሙ በገዛ ሙያው ላይ ድምፅ አጣ።

ልዩነቱ አሜሪካዊው ሲወጣ የሚገባበት ሌላ በር አለው፤ የእኛው ሐኪም ግን ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ግድግዳ ነው። የእኔን ሹፌር አስታውሱት። አሜሪካ ውስጥ ለማከም የአገሪቱን የሐኪሞች ፈተና በየደረጃው ማለፍ አለበት፤ ወጪው በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ እንደገና የሬዚደንሲ ሥልጠና መግባት ግድ ነው። ቦታው ውስን ነው፤ መንግሥት በሜዲኬር በኩል ለሥልጠና የሚከፍልባቸውን ቦታዎች በ1997 በወጣ ሕግ ጣሪያ አበጅቶላቸዋል። ብዙ የሥልጠና ተቋማት ደግሞ ከተመረቀ ጥቂት ዓመታት ያለፉትን ሰው ማመልከቻ አያዩም። ልጆች ያሉት፣ ኪራይ የሚከፍል፣ አገር ቤት እናቱን የሚጦር ሰው ሌሊት እየነዳ ቀን መቼ ያጥና? ዓመታት ይሄዳሉ፤ ዓመታቱ ራሳቸው ጥፋት ይሆኑበታል። በሬይነር ጎዳና ስታልፉ፣ በኬንትና በተክዊላ የአረጋውያን መንከባከቢያ ስትገቡ፣ በሆስፒታሎች አስተርጓሚ ስትጠሩ የምታገኟቸው አንዳንድ ሰዎች ሐኪሞች ናቸው። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2036 ድረስ እስከ 86 ሺህ ሐኪም ሊጎድላት እንደሚችል የሕክምና ኮሌጆቿ ማኅበር ተንብዮአል። አንዱን አገር ያጎደለ ሐኪም ሌላውን ሳይሞላ መንገድ ላይ ይቀራል።

ወደ አገር ቤት ልመለስ፤ ያልጠቀስኩት አንድ ነገር አለ፤ ጦርነቱ። በትግራይ ጦርነት የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ለረጅም ወራት ያለ ደመወዝ፣ ያለ መድኃኒት ሠርተዋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ሐኪሙ በሁለት አፈሙዝ መካከል ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በክልሉ በጤና ተቋማትና በባለሙያዎች ላይ የደረሰውን ጥቃት ዘርዝሯል። ቁስለኛን ማከም ወንጀል ሲሆን፣ "ለምን አከምከው?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ያ ሐኪም ደመወዙ በሦስት እጥፍ ቢያድግ ይቀመጣል? ሐርጌሳ ድረስ ሄዶ የሚሠራው ወዶ ነው?

ፖለቲካ ሐኪምን ሲያባርር ይህ የመጀመሪያ አይደለም። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ታስታውሳላችሁ። ስመ ጥር ቀዶ ጠጋኝ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ መሥራችና ዲን ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ ከሚበልጡ የዩኒቨርሲቲው ምሁራን ጋር ከሥራ ተባረሩ። ከዚያም ታሠሩ፤ እስር ቤት ታመሙ፤ በግንቦት 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ውስጥ ዐረፉ። ስንት ሐኪም ያፈራ ሰው ለሕክምና ባሕር ተሻግሮ ሞተ። በዚያን ዘመን የተማረ ወጣት ሐኪም ከዚህ ምን ተማረ? እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት ከኢትዮጵያ ተወላጅ ሐኪሞች ሠላሳ በመቶ ገደማው ውጭ ነበሩ። ያ ቁጥር የደመወዝ ብቻ ሳይሆን የፍርሃትም መለኪያ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛው ለመንግሥት ነው። ሐኪምን በዲግሪው አስሮ፣ በግዴታ አገልግሎት ጠርንፎ ማቆየት አይቻልም፤ ተሞክሮ አልሠራም። በሕግ የታወቀ ነጻ ማኅበርና ገለልተኛ ገላጋይ ግን ከአዲስ የሕክምና ኮሌጅ ይረክሳል። ሥራ ማቆምን ከከለከላችሁ ግልግሉን አቁሙ። ድንገተኛ ክፍል፣ ማዋለጃና ጽኑ ሕሙማን ክፍል በምንም ጊዜ እንዳይቋረጥ ከማኅበሩ ጋር አስቀድማችሁ ተፈራረሙ። ሐኪሞቹ ይህን እንቢ አይሉም።

ሁለተኛው ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎች ነው። የዋሽንግተን ግዛት በ2021 ባወጣው ሕግ ውጭ የተማሩ ሐኪሞች በፈቃድ ባለው ሐኪም ክትትል ሥር በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሠሩ መንገድ ከፍቷል። ቴኔሲ በ2023 ከዚያም ሰፋ ያለ ሕግ አውጥቷል። ይህን ዕድል ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ። ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችን፣ የኮሚኒቲ ማኅበሮቻችን ለሠርግ አዳራሽ የሚሰበስቡትን ያህል ለአንድ ሐኪም ፈተና መክፈያ ቢሰበስቡ ምን ይጎዳናል? የድሮ ዕድርም እኮ የተቋቋመው ለመቅበር ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው አገር ቤት ላላችሁ ነው። ሐኪሙ ጥያቄ ሲያነሣ "ገንዘብ ወዳድ" የሚለውን ቃል እንተው። እሱ ስለ ኦክስጅን ሲጮህ ስለ እናንተም ነው የሚጮኸው። ታማሚውና ሐኪሙ የተጣሉ ዕለት የሚያተርፈው በጀቱን የያዘው ብቻ ነው።

ያንን ሹፌር ባለፈው ወር ደግሜ አገኘሁት። እግሬን አየልኝና "ደኅና ነዎት" አለኝ። ለጊዜያዊ ፈቃዱ ወረቀቱን ማሰባሰብ እንደጀመረ ነገረኝ፤ የቸገረው ከአገር ቤት የሚመጣው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ጽፎ ማኅተም የሚያደርግለት ሰው ቢፈልግ፣ የሚያውቃቸው የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ከሆስፒታሉ ወጥተዋል።

ሳምንት እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።